ሁለት ሌሊት ለሴዶና፦ ለጥንዶች የተሰጠው ምክር የት ላይ ይስታል?

በፊኒክስና በላስ ቬጋስ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ባልና ሚስት፣ እጮኛሞችም ጭምር፣ ቅዳሜና እሁዳቸውን በአሪዞናዋ የበረሃ ከተማ በሴዶና እንዲያሳልፉ የሚመክር ሲሆን፣ ጭብጡ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከፊኒክስ ተነሡ፤ ጉዞውን ለአጋራችሁ አስቀድማችሁ ሳትነግሩ ድንገተኛ ደስታ አድርጉት፤ በሌላው ሁሉ ቆጥባችሁ ቀይ ቋጥኞቹ በመስኮት የሚታዩበትን ክፍል ያዙ፤ ቀትር ላይ ካቴድራል ሮክ የተባለውን ቋጥኝና ዴቪልስ ብሪጅ የተባለውን የድንጋይ ቅስት ወጥታችሁ ፎቶ ተነሡ፤ ሴዶና በረሃ ስለሆነች ቀለል ያለ ልብስ ይበቃችኋል፤ የሆቴል ዋጋ ስለሚቀንስ ጁንንና ጁላይን ምረጡ፤ እሁድ ደግሞ ግራንድ ካንየንን አይታችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። በመካከሉ ቮርቴክስ በሚባሉት፣ ልዩ ኃይል ይመነጭባቸዋል በሚባልላቸው ቦታዎች ቁጭ ብትሉ የደከመ ትዳር ይታደሳል የሚል ተስፋም ታክሎበታል።

ምክሩ የተነሣበትን ሐሳብ እደግፋለሁ። ቅዳሜና እሁዳችን በሰርግ፣ በክርስትና፣ በልደት፣ በማኅበርና በለቅሶ የተያዘብን ሰዎች ነን፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሁለት ሌሊት ከቤት ወጥተው ማደርን እንደ ቅንጦት፣ አንዳንዴም እንደ ነውር የምናይ ጥቂቶች አይደለንም። ስለዚህ ጸሐፊው «ሂዱ» ማለታቸው ደግ አድርገዋል። ቅሬታዬ በአካሄዱ ላይ ነው። ምክራቸውን ነጥብ በነጥብ ከመመልከቴ በፊት ግን ልዩነታችን ከየት እንደሚነሣ ላስረዳ፤ ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነውና።

የሴዶና ውበት ቀኑን ሙሉ እኩል አይገኝም። ቋጥኞቹ ከ280 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከተከማቸ አሸዋ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ቅላታቸው የአሸዋውን ቅንጣቶች ከሸፈነው የብረት ዝገት የመጣ ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትገኝበት ሰዓት ብርሃኗ ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው ቀለም በመንገድ ላይ ተበትኖ ይቀርና በአብዛኛው ቀዩና ብርቱካናማው ይደርሳል፤ ያ ብርሃን በቀይ ድንጋይ ላይ ከጎን ሲያርፍ እያንዳንዱ ስንጥቅና እርከን ጥላ ይጥላል። ቀትር ላይ ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ጥላው ይጠፋል፤ ያው ገደል እንደ ተለሰነ ግድግዳ ደብዝዞና ጠፍጥፎ ይታያል። እንግዲህ ዓርብ ማታ ደርሰው እሁድ የሚመለሱ ጥንዶች በእጃቸው ያለው ቁም ነገር ሁለት ንጋትና አንድ ምሽት ነው። የጽሑፉ ዕቅድ የመጀመሪያውን ንጋት ፊኒክስ ውስጥ ሻንጣ በመጫን፣ ሁለተኛውን በግራንድ ካንየን መንገድ ላይ ያጠፋዋል። የቀረውን አንድ ምሽት እንዴት እንደሚያሳልፉት ደግሞ አንድም ቃል አልተናገረም።

ከመነሻው ልጀምር። «ቅዳሜ ጠዋት ብትነሡ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» ተብሏል። ከፊኒክስ ሴዶና ከ115 እስከ 120 ማይል ስለሆነ በወረቀት ላይ ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት በኢንተርስቴት 17 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚወጣው እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ከሙቀት የሸሸው የፊኒክስ ነዋሪ ሁሉ አብሯችሁ ይወጣል። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ በ179 ቁጥር መንገድ ወደ ከተማዋ ስትገቡ ደግሞ መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፤ የ179 እና የ89ኤ መንገዶች በሚገናኙበት አደባባይ ላይ የቅዳሜ ሰልፍ ሲረዝም የመጨረሻዎቹ ጥቂት ማይሎች ከቀደሙት ሃምሳ ማይሎች በላይ ያስመርራሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ቀትር ይሆናል። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አይከፈትላችሁም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሻንጣ በመኪና ውስጥ ተቆልፎ፣ ማቆሚያ ፍለጋ በመዞር ያልቃል። ዓርብ ከሥራ በኋላ፣ እራትም ቢሆን በመንገድ ላይ ቀምሶ፣ ማታ ገብቶ ማደር ከዚህ ሁሉ ያድናል። ዓርብ ማታ ለሚያመሽ ሠራተኛ ይህ እንደማይመች አውቃለሁ፤ እንዲህ ላለው ሰው የምመክረው እሁድና ሰኞን እንዲያደርገው ነው። ዋጋውም ይቀንሳል፣ መንገዱም ይለቃል።

ከላስ ቬጋስ ለሚነሡት ጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መስጠቱ ይገርማል፤ የአንባቢው ብዛት እዚያ መሆኑን ጸሐፊው ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። ርቀቱ ወደ 275 ማይል ስለሚጠጋ በኪንግማንና በኢንተርስቴት 40 በኩል አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ አሪዞና ከናቫሆ ግዛት በቀር ሰዓቷን በበልግና በጸደይ አትቀይርም፣ ኔቫዳ ግን ትቀይራለች። በዚህ ምክንያት ከማርች እስከ ኖቬምበር የሁለቱ ሰዓት አንድ ሲሆን፣ በቀሩት ወራት አሪዞና በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በዲሴምበር ከቬጋስ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው አምስት ሰዓት ተኩል ያህል እንደሚፈጅበት አድርጎ ማስላት አለበት፤ በዚያ ወር አጋማሽ ሴዶና ላይ ጀንበር የምትጠልቀው በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከአምስት ሰዓት ሩብ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ «ለምሽቱ እንደርሳለን» ብሎ እኩለ ቀን ላይ መነሣት ጨለማ ላይ መድረስ ማለት ነው።

ጸሐፊው ጥንዶችን ሲመክሩ እጅግ የተሳሳቱት፣ በእኔ አስተያየት፣ «አትንገሯት፣ ድንገተኛ ይሁንባት» ባሉበት ቦታ ነው። የነገሩ ደግነት አይጠፋኝም፤ በፊልም ላይ ያምራል። በእኛ ኑሮ ግን ማን ሰኞ ሌሊት ተረኛ እንደሆነ፣ ማን ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት እንደወሰደ፣ የማን እናት ለልጆቹ እንደሚመጡ ሳይታወቅ የሚዘጋጅ ጉዞ ገና ከቤት ሳይወጣ ንትርክ ይወልዳል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ የመጣች ነርስ «መኪና ውስጥ ግቢ፣ የት እንደምንሄድ አትጠይቂ» ስትባል የሚሰማት ፍቅር ሳይሆን እንቅልፍ ነው። ልጆቹን ለእትዬ እገሌ ማን ነገራቸው? ምን በልተው ያድራሉ? የእሁዱን ቅዳሴስ? እነዚህ ጥያቄዎች ፍቅርን የሚያደበዝዙ የቤት ጣጣዎች ተደርገው ሊታዩ ይችላሉ፤ መልስ ካላገኙ ግን እነዚህ ናቸው በየግማሽ ሰዓቱ ስልክ እያስነሡ ሁለቱን ቀን የሚበሉት።

ከዚህም በላይ የሴዶና ጉዞ አካልን የሚጠይቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከፍታ የሚፈራ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም መራመድን ጨርሶ የማይወድ ሰውም አለ። ይህ ሁሉ ከጉዞው በፊት በአንድ ቡና ላይ የሚነገር ነው። ሴቲቱ የት እንደምትሄድ ካላወቀች የትኛውን ጫማ ትያዝ? ጸሐፊው ራሳቸው «ለፎቶ የሚሆን ረዥም ቀሚስና የሚያምር ጫማ እንድትለብስ በዘዴ ንገሯት» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ካቴድራል ሮክ ይወስዷታል። ድንገተኛ ነገር የሚያምረው በትንሹ ነው። መዳረሻውን አብራችሁ ወስኑ፤ ያልተነገረው ነገር ካስፈለገ አንድ እራት ወይም አንድ ስጦታ ይሁን።

የጾሙ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጽሑፉ ዓርብ ስለማያስነሣ ነገሩ አላሳሰበውም፤ እኔ ዓርብ ማታ እንድትገቡ ስለምመክር ግን መናገር ይገባኛል። ከሁለቱ አንዱ የሚጾም ከሆነ ምሽት ላይ ደርሶ ምግብ ፍለጋ መዞር ያስከፋል፤ ምግብ ቤቶቹ በጊዜ ይዘጋሉና። ሴዶና የአትክልት ምግብ ፈላጊ እንግዳ የማይለያት ከተማ ስለሆነች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ማግኘት አይከብድም፤ እንጀራ ግን አትጠብቁ። ክፍሉ ማቀዝቀዣና ምድጃ ያለው ከሆነ ከቤት የተሠራ ሽሮና ጥቅል እንጀራ ይዞ መሄድ የዓርብን ጭንቀት ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ይህን ብልሃት ለፍቅረኛሞች ጉዞ የማይመጥን አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ፣ እሱ በራበው ሰዓት እንዴት እንደሚነጋገር ቢያስብበት እመክራለሁ።

ስለ ካቴድራል ሮክ «የሠላሳ ደቂቃ ሽርሽር» የተባለው ብዙ ሰው ሊያሳስት ስለሚችል ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። መንገዱ አጭር መሆኑ እውነት ነው፤ ደርሶ መልሱ አንድ ማይል ተኩል አይሞላም። ነገር ግን በዚያ አጭር ርቀት ውስጥ ከ700 ጫማ በላይ ከፍታ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ በጥድ መካከል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ነው፤ ከዚያ አንድ ሰፊ የድንጋይ መደብ ላይ ያወጣችሁና መንገዱ ድንገት የሚያልቅ ይመስላል። ቀና ስትሉ በሽቦ መረብ የታሠረ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር ታያላችሁ፤ ምልክቱ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ የተሰነጠቀ አለት መካከል በእጅም በእግርም መውጣት ግድ ይሆናል፤ እግር የሚያስገቡበት ጉድጓድ በድንጋዩ ላይ አለ፣ ግን አጠር ላለ ሰው በቀላሉ አይደርስም። ከላይ የቀደመው እጁን ዘርግቶ ሌላውን ይስባል። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሲወርድ ነው፤ የሚረገጠው አይታይምና ፊትን ወደ አለቱ አዙሮ፣ ቁጭ እያሉ መንሸራተት ይመጣል። ረዥም ቀሚስ እዚህ ቦታ ላይ አደጋ ነው። ከፍታ ለሚፈራ ሰው ሰፊው የድንጋይ መደብ በቂ ነው፤ እይታው ከዚያም ያምራል፣ «እዚህ ድረስ መጥተን» የሚል ግፊት ግን አያስፈልግም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው ደግሞ መኪና የት እንደሚቆም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከተማዋ ወደ ዋና ዋናዎቹ የእግር መንገዶች የሚያደርስ ነፃ የሻትል አውቶቡስ አሠማርታለች። ሻትሉ በሚሠራባቸው ቀናት፣ ቅዳሜና እሁድም ከነዚሁ ናቸው፣ የካቴድራል ሮክና የሶልጀር ፓስ መነሻ ማቆሚያዎች ለግል መኪና ይዘጋሉ። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው በር ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሌሎቹ የመንግሥት ደን ማቆሚያዎች ብዙዎቹ ሬድ ሮክ ፓስ የሚባል አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቅ ወረቀት በመኪናው መስታወት ላይ እንዲታይ ይፈልጋሉ፤ የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ያለው ሰው እሱው ያገለግለዋል። መንገዱን ቅዳሜ በመጀመሪያው ሻትል ሄዶ ሙቀቱ ሳይበረታ መጨረስ ይሻላል።

ዴቪልስ ብሪጅን በሚመለከት የምለው ጥቂት ነው። በአካባቢው ካሉት የተፈጥሮ የድንጋይ ቅስቶች ትልቁ ነው፤ መነሻው እንደተመረጠው ደርሶ መልሱ አራት ማይል ያህል ይሆናል። ጸሐፊው ቀለበት የሚያስሩ ወንዶች በቅስቱ ላይ ተንበርክከው እንዲጠይቁ ይመክራሉ። ቅዳሜ ቀትር ላይ በዚያ ቅስት ላይ ለመቆም ሰልፍ ይያዛል፤ ተራው የደረሰው ሰው ፎቶውን ተነሥቶ ቶሎ እንዲለቅ ከኋላው ያሉት በዓይናቸው ይገፉታል። በማያውቁት ሕዝብ ፊት «እሺ» ወይም «እምቢ» እንድትል የምትገደድ ሴት ያለችበትን ሁኔታ ያሰበ ሰው ይህን ይመክራል ብዬ አላምንም። ጭር ያለ ቦታ ሞልቷል።

የምሽቱ ጉዳይ ከሁሉ የላቀ ሆኖ ሳለ ዝም የተባለበት በመሆኑ እኔ ልሙላው። ከኦክ ክሪክ ወንዝ ዳር፣ ሬድ ሮክ ክሮሲንግ በሚባለው ስፍራ፣ ክሬሰንት ሙን የተሰኘ መናፈሻ አለ፤ ክፍያው ከሬድ ሮክ ፓስ የተለየ ነው፣ የመዝጊያ ሰዓቱንም አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ካቴድራል ሮክ ከወንዙ ማዶ ቀጥ ብሎ ይታያል። አብዛኛው ሰው ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ወደ ምዕራብ ዞሮ ይቆማል፤ እዚህ ግን ለጀንበሯ ጀርባን መስጠት ነው። መጀመሪያ ሥሩ ያሉት ዛፎች ጥላ ይሆናሉ፤ ከዚያ ጥላው ልክ እንደ ውኃ ሙላት ከታች ወደ ላይ አለቱን እየዋጠ ይወጣል፣ ጫፎቹ ግን እየቀሉ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ማማዎች ብቻ እንደ ፍም ቀርተው ይጠፋሉ። በወንዙ ጸጥ ያለ ክፍል ላይ ያው ነገር ተገልብጦ ይታያል። ቢያንስ ጀንበር ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ደርሶ መቀመጥ ይገባል። ለንጋቱ ደግሞ ኤርፖርት ሜሳ የሚባለው አምባ ይመረጣል፤ ከተማዋ ከሥር፣ በሰሜን በኩል ያሉት ተራሮች ከፊት ሆነው የመጀመሪያውን ብርሃን ሲቀበሉ ከዚያ ይታያሉ። ማታ ማታ ይህ ቦታ በሰው ይጨናነቃል፤ ጠዋት ግን ከእናንተ ሌላ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚኖረው።

ስለ ሴዶና ሌሊት «ከጨለመ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም» የሚባለው በከፊል እውነት ነው፤ ሴዶና የጭፈራ ከተማ አይደለችም። ይሁን እንጂ ከተማዋ የመንገድ መብራቷን በደንብ ወስና ሰማዩዋን በመጠበቋ በ2014 የጨለማ ሰማይ ማኅበረሰብ የሚል ዓለም አቀፍ እውቅና አግኝታለች። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከክፍላችሁ በረንዳ ላይ ሆናችሁ እንኳ ፍኖተ ሐሊብን ማየት ትችላላችሁ። ቀኑን ስትመርጡ የጨረቃን መውጫ ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ወደ ክፍሉ ዋጋ ልሂድ። «በሌላው ሁሉ ቆጥቡ፣ በእይታው ግን አትቆጥቡ» የሚለው ምክር ለሆቴሎቹ የተጻፈ ይመስላል። ከላይ የጠቀስኳቸው እይታዎች ከመናፈሻ ወይም ከማቆሚያ ክፍያ በላይ አይጠይቁም፤ እናንተ ደግሞ በንጋትና በምሽት ከክፍል ውጭ ናችሁ። መስኮቱን የምታዩት ቀትር ላይ ነው፣ ያውም መጋረጃው ተዘግቶ ስትተኙ። በጣም የሚለየው ጸጥታውና አልጋው ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የኦክ ክሪክ መንደር ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል፤ 20 ማይል ገደማ ርቃ ያለችው ኮተንዉድ ደግሞ ከዚያም ትረክሳለች፣ ግን ከዚያ ለንጋት መድረስ በጨለማ ግማሽ ሰዓት መንዳት ማለት መሆኑን ማወቅ ይገባል። ማረፊያ ስታወዳድሩ የሌሊቱን ዋጋ ሳይሆን የመጨረሻውን ድምር ተመልከቱ፤ ሆቴሎቹ በየሌሊቱ የሚጨምሩት የመዝናኛ ክፍያ አለ፣ በግለሰብ ቤት ደግሞ የጽዳቱ ክፍያ ለሁለት ሌሊት ብቻ ሲካፈል ቤቱን ከሆቴል ያስወድደዋል። የአሪዞና ምክር ቤት በ2016 ያወጣው ሕግ ከተሞች እንዲህ ያሉትን የአጭር ጊዜ ኪራይ ቤቶች እንዳይከለክሉ ስላደረገ ሴዶና ውስጥ ቁጥራቸው በዝቷል፤ በዚያው መጠን በሆቴሎቹ የሚሠራው ሰው በከተማዋ የሚከራየው ቤት አጥቶ ከሩቅ ይመላለሳል። ይህ የጥንዶቹ ጥፋት አይደለም፤ አልጋ ለምታነጥፈው ሴት ጉርሻ ሲተዉ ግን ቢታሰብ ደግ ነው።

ጁንና ጁላይ ርካሽ ናቸው የተባለው ትክክል ነው፤ ርካሽ የሆኑበት ምክንያት ግን አልተነገረም። ሴዶና ወደ 4,350 ጫማ ከፍታ ላይ ስላለች ከፊኒክስ ትቀዘቅዛለች፤ ሆኖም በእነዚህ ወራት ቀትር ላይ ከ95 ዲግሪ ፋረንሃይት ማለፉ የተለመደ ነው፣ ቀዩም ድንጋይ ሙቀቱን ይዞ ከሥር ይመልሰዋል። ከጁላይ ጀምሮ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ነጎድጓዳማ ዝናብ አለ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታይና ከቀትር በኋላ ደመናው ድንገት ይቆለላል፤ በአምባ ላይ ወይም በቅስት ላይ ላለ ሰው መብረቁ የቀልድ አይደለም፣ ደረቅ የነበረው ወራጅ ደግሞ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ እንኳ በደቂቃዎች ደራሽ ጎርፍ ሊያወርድ ይችላል። በእነዚህ ወራት መሄድ ግድ ከሆነ ከእኩለ ቀን በፊት ከድንጋዩ ላይ መውረድና ለእያንዳንዱ ሰው በቂ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። ለቁጠባ ከሆነ ግን የክረምቱን ወራት፣ በተለይ ጃንዋሪን፣ ለምን እንደዘለሏቸው አልገባኝም፤ ዋጋው ከማርች፣ ከኤፕሪልና ከኦክቶበር ግርግር ይቀንሳል፣ መንገዱም ሰው አይበዛበትም። የዚያን ጊዜ «በረሃ ስለሆነ ቀለል ያለ ልብስ» ያለውን ሰው አትስሙ፤ ሌሊቱ ወደ በረዶ ነጥብ ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም በቀዩ ቋጥኝ ላይ አመዳይና በረዶ ይጥላል። ንጋትን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካፖርትና ጓንት ያስፈልገዋል። ነጭ በረዶ በቀይ ድንጋይ ላይ የወደቀበት ጠዋት የገጠማቸው ጥንዶች ለብርዱ ቅሬታ አያቀርቡም።

ስለ ቮርቴክስ ብዙ አልልም። ቤል ሮክ፣ ካቴድራል ሮክ፣ ኤርፖርት ሜሳና ቦይንተን ካንየን ልዩ ኃይል የሚመነጭባቸው ናቸው የሚለው ወሬ በ1980ዎቹ የተስፋፋ ሲሆን፣ በ1987 ብዙ ሺህ ሰው ለዚሁ ሲል በቦታው ተሰብስቦ ነበር። የተጠማዘዙት ጥዶች እንደ ማስረጃ ይቀርባሉ፤ እንዲህ የተጠማዘዘ ጥድ ግን በሌሎች ደረቅ አገሮችም አለ። የሚለካ ነገር አልተገኘም። ቦታዎቹ ውብ መሆናቸው ይበቃል፤ ትዳር ይታደሳል ብሎ መመሪያ መጻፍ ግን ተስፋ የቆረጠን ሰው ማታለል ነው። በ1956 በገደሉ ላይ የተሠራውን የቅዱስ መስቀል ቤተ ጸሎት ጽሑፉ «ጥሩ የፎቶ ጀርባ» ማለቱም ቅር አሰኝቶኛል፤ ካቶሊኮች የሚጸልዩበት ስፍራ ነው፣ ሻማ ለማብራት የሚገባም አለ፣ ድምፅን ቀነስ ማድረግ ይገባል።

ወደ ግራንድ ካንየን ስንመጣ ያለኝ ተቃውሞ ቀላል የሂሳብ ጉዳይ ነው። የደቡቡ ዳርቻ ከሴዶና 115 ማይል ያህል ይርቃል፤ ለመሄድ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ለመመለስም እንደዚያው። ከዚያ ወደ ፊኒክስ መመለሱ ሲጨመር እሁዱ በሙሉ መሪ ላይ ያልቃል። ያን ያህል ታላቅ ቦታ በአንድ ሰዓት ቆይታ አይቶ መጣሁ ማለትም ለቦታው አይመጥንም፤ ሌላ ቅዳሜና እሁድ ይመደብለት። ለቅዳሜ ቀትር፣ ብርሃኑ ለምንም በማይሆንበት ሰዓት፣ የሚሆን ሌላ ነገር ቅርብ አለ። በካምፕ ቨርዴ አጠገብ ያለው ሞንቴዙማ ካስል ከ30 ማይል አይበልጥም። ሲናጓ የተባሉት ሕዝቦች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በኖራ ድንጋይ ገደል ወገብ ላይ፣ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የሠሩት አምስት ፎቅና ሃያ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው፤ ከ1906 ጀምሮ በብሔራዊ ቅርስነት ተጠብቋል። ስሙ ከሜክሲኮው ንጉሥ ጋር አያገናኘውም፤ ስሙን የሰጡት በኋላ የመጡት ሰፋሪዎች ናቸው። ከታች ያለው መንገድ ሜዳና አጭር ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ሰውም ይመቻል፤ በሾላ በሚመስሉ ሰፋፊ ዛፎች ጥላ ሥር ይሄዳል። ላስታ አለትን በመፈልፈል ለሚያስደንቀን ለእኛ፣ በመሰላል ብቻ በሚደረስበት ገደል ላይ ጭቃና ድንጋይ ተሸክሞ የወጣን ሰው ማሰብ አይከብደንም። ተራራ ላይ የተንጠላጠለችው የቀድሞዋ የመዳብ ከተማ ጀሮምም ሌላ አማራጭ ናት፤ ማዕድኑ በ1953 ተዘግቶ ሕዝቧ ሲበተን የቀሩት ቤቶች ዛሬ ቡና ቤትና የሥዕል መሸጫ ሆነዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ለአንድ ሰዓት ተኙ፣ ምሽቱ ይጠብቃችኋልና።

የቀረው የመመለሻው ጉዳይ ነው። ጽሑፉ እሁድ ከሰዓት በኋላ መመለስን እንደ ቀላል ነገር አልፎታል። ከፍላግስታፍ፣ ከሴዶናና ከግራንድ ካንየን የሚወርደው የፊኒክስ ሕዝብ ሁሉ በዚያው ሰዓት በኢንተርስቴት 17 ይሰለፋል፤ አንድ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ከተገለበጠ ወይም ሞተሩ ከፈላ መንገዱ ለረጅም ሰዓት ይቆማል፣ አማራጭ መንገድም ሩቅ ነው። ስለዚህ እሁድን ኤርፖርት ሜሳ ላይ ንጋቱን አይቶ፣ ቁርስ ቀምሶ፣ ከቀትር በፊት መነሣት ይሻላል። ለቅዳሴው የሚቸኩል ሰው እሁድን ከፊኒክስ መጀመር ከፈለገ ግን ቅዳሜ ማታ ከምሽቱ በኋላ ለመንዳት አይሞክር፤ በኢንተርስቴት 17 ላይ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለደከመ ሹፌር በጨለማ አይሆንም። እንዲህ ያለው ሰው ሐሙስ ማታ ገብቶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢመለስ ሁለቱንም ንጋት ያገኛል፣ የዓርቡን ምሽት ደግሞ በወንዙ ዳር ያሳልፋል።